ሁለት ቪዛ፣ አንድ ስታተስ፦ ከአንድ በላይ የሥራ ቪዛ መያዝ ምን ያስገኛል?

በመሀል አዲስ አበባ፣ ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ሕንፃዎች ላይ "የሥራ ቪዛ" የሚል ማስታወቂያ ማየት የተለመደ ነው። ካፌ ውስጥም ወሬው እሱው ነው። ጥያቄው ግን ቅርጹን እየቀየረ መጥቷል። ድሮ "ቪዛ እንዴት ይገኛል?" ነበር የሚባለው። አሁን "ሁለት ዓይነት ልያዝ?" የሚለው በዝቷል። አንዱ ቢበላሽ በሌላው ለመግባት የሚያስብ አለ። ቪዚት ቪዛውን ሳይለቅ የሥራውን የሚፈልግ አለ። የዱባዩ ሳይቃጠል የካናዳውን መጀመር የሚፈልግም አለ።

ስጋቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። አሜሪካ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን ቪዛ አሳጠረች። ከዲፕሎማቶች በስተቀር፣ አብዛኞቹ ጊዜያዊ ቪዛዎች ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ሆኑ፤ ዕድሜያቸውም 3 ወር ሆነ። በዚያው ወር፣ ሐምሌ 15፣ ብሪታንያ አዛውንትና ሕሙማን የሚንከባከቡ ሠራተኞችን ከውጭ አገር መቅጠሪያውን መንገድ ዘጋች። መስከረም 2018 ላይ ደግሞ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ኤች-1ቢ በሚባለው የባለሙያዎች የሥራ ቪዛ ላይ የ100,000 ዶላር ክፍያ የሚጥል አዋጅ ፈረሙ።

በር ሲጠብ ሰው ሁለተኛ በር መፈለጉ አይገርምም። የሚያሳስበው ሁለተኛው ቪዛ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚያሳጣ ሳይታወቅ፣ ቤተሰብ ተበድሮ ገንዘብ ማውጣቱ ነው።

ቪዛ፣ ስታተስ፣ የሥራ ፈቃድ

ግርግሩ የሚጀምረው ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። ሁሉም "ቪዛ" ይባላል።

ቪዛ የመግቢያ ፈቃድ ነው። ኤምባሲ ይሰጠዋል። ፓስፖርት ላይ ይለጠፋል፣ አንዳንድ አገርም በኢሜይል ይልከዋል። ድንበር ላይ ደርሶ "ልግባ" ለማለት ያበቃል። ማስገባት አለማስገባት ግን ድንበር ላይ ያለው መኮንን ውሳኔ ነው።

ስታተስ ከገቡ በኋላ የሚያዝ ሕጋዊ የቆይታ ሁኔታ ነው። ሰውየው በአገሩ መዝገብ ላይ ጎብኚ ነው፣ ተማሪ ነው፣ ወይስ ሠራተኛ? እስከ መቼስ? ይህን የሚመልሰው ስታተሱ ነው።

የሥራ ፈቃድ ደግሞ ለማን፣ በምን ሙያ፣ አንዳንዴም በየትኛው ከተማ መሥራት እንደሚቻል ይወስናል። ባሕረ ሰላጤ አገሮች ውስጥ ከኢቃማ፣ ማለትም ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር አብሮ ይሄዳል። ካናዳ ግን ፈቃዱ ራሱን የቻለ ወረቀት ነው።

ሁለት የሠርግ ጥሪ የደረሰው ሰው በአንድ ሰዓት የሚቀመጠው አንዱ ድንኳን ውስጥ ነው። የቪዛም ነገር በአብዛኛው እንዲሁ ነው። ፓስፖርት ላይ ሁለት ሦስት ቪዛ ሊኖር ይችላል። አገሩ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚሠራው ግን አንዱ ነው። "በአብዛኛው" የሚለው ቃል ግን አይረሳ፤ አገሮች ይለያያሉ።

አሜሪካ፦ ስቲከሩ ሊበዛ ይችላል፣ ስታተሱ አንድ ነው

የአሜሪካ ሕግ በአንድ ፓስፖርት ላይ ዓይነታቸው የተለያየ ቪዛዎች አብረው እንዲኖሩ አይከለክልም። የጎብኚ የሆነው ቢ-1/ቢ-2 ከሥራው ኤች-1ቢ ጋር ሊኖር ይችላል። አንድ ዓይነት ሆኖ ሁለት ግን አይሆንም። አዲሱ ሲመታ አሮጌው ይሰረዛል።

ልዩነቱ የሚታየው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው። ከቦሌ ተነስቶ ዋሽንግተን ደለስ ያረፈ መንገደኛ ሁለቱም ቪዛ ቢኖረው፣ የሚያሳየው ለመጣበት ጉዳይ የሚሆነውን ነው። ለሥራ ከመጣ ኤች-1ቢውን ያሳያል። መኮንኑ ያስገባበትን ዓይነትና የሚቆይበትን ቀን አይ-94 በሚባል መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ከዚያ በኋላ ሕጋዊ ማንነቱ ያ መዝገብ ነው። በጎብኚነት ከተመዘገበ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው የሥራ ቪዛ ለሥራ አያበቃውም። ስህተት ሊፈጠር ስለሚችል ገብቶ ሻንጣ ሳይፈታ አይ-94ን ኢንተርኔት ላይ አይቶ ማረጋገጥ ይጠቅማል። ነፃ ነው፤ ደቂቃ አይፈጅም።

እዚህ ላይ የ3 ወሩ ቪዛ የፈጠረውን ትልቅ ውዥንብር ማንሳት ግድ ነው። ብዙ ሰው "ቪዛዬ የ3 ወር ስለሆነ 3 ወር ሠርቼ ልመለስ ነው" ብሎ ያስባል። አይደለም። 3 ወሩ መግባት የሚቻልበት ጊዜ ነው። የሚቆዩበትን ጊዜ የሚወስነው አይ-94 ነው። በኤች-1ቢ የገባ ሰው አሠሪው ያስፈቀደለት 3 ዓመት ከሆነ፣ ስቲከሩ ቢያልፍበትም እዚያው ሆኖ በሕጋዊ መንገድ ሊሠራ ይችላል። ችግሩ ሲወጣ ነው። ለእናቱ ለቅሶ አዲስ አበባ የመጣ ሰው ለመመለስ እንደገና ኤምባሲ መግባት፣ እንደገና መክፈልና እንደገና ቃለ መጠይቅ መጠበቅ አለበት።

ይህ ለውጥ "መጠባበቂያ ቪዛ" የሚለውን ሐሳብ ለኢትዮጵያዊ ከሌላው ዜጋ ይልቅ አክስሮታል። ረጅም ዕድሜ ያለው፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ የሚያገኝ የሌላ አገር ዜጋ የጎብኚውን ቪዛ ለዓመታት በኪሱ ይዞ መቆየት ይችላል። ኢትዮጵያዊው አሁን የሚያገኘው በ3 ወር የሚቃጠልና አንዴ ከገቡበት የሚያልቅ ነው። ለጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር፣ ኤች፣ ኤል እና ኦ ለሚባሉት የሥራ ዓይነቶች 205 ዶላር ይከፈላል። ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ለመጠባበቂያ ተብሎ የሚወጣ ብር፣ ቪዛው ቢገኝ እንኳ ከ3 ወር በኋላ መጠባበቂያ አይሆንም። ከሐምሌ 1 በፊት የተመቱት ግን በነበሩበት ይቆያሉ። የያዛቸው ሰው ቀኑን አይቶ ቢጠቀምባቸው ይሻላል።

ሁለት ቪዛ ሳይሆን ሁለት አሠሪ

ብዙ ጊዜ "ሁለት የሥራ ቪዛ አለው" የሚባልለት ሰው ያለው ሁለት አሠሪ ነው። ኤች-1ቢ ይህን ይፈቅዳል። አንድ ሶፍትዌር መሐንዲስ ቀን ለአንድ ኩባንያ፣ በትርፍ ጊዜው ለሌላ መሥራት ይችላል። ሁኔታው ግን ጥብቅ ነው፤ ሁለተኛው አሠሪ የራሱን ማመልከቻ ማስገባት አለበት። የመጀመሪያው ማመልከቻ ሁለተኛውን ሥራ አይሸፍንም። ስታተሱ ግን አሁንም አንድ ነው።

ኤች-1ቢን ከኦ-1 ጋር፣ ወይም ከኤል-1 ጋር አንድ ላይ መያዝ ግን አይቻልም። ኦ-1 ልዩ ችሎታ ላላቸው ነው፤ በሳይንስ፣ በጥበብ፣ በስፖርት። ኤል-1 ደግሞ ዓለም አቀፍ ኩባንያ የራሱን ሠራተኛ ወደ አሜሪካ ቅርንጫፉ ሲያዛውር ነው። ለሁለቱም ማመልከት ይቻላል፤ ሁለቱም ሊፀድቁም ይችላሉ። አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ሁለት የስታተስ ለውጥ የጠየቀና ሁለቱም የተፈቀዱለት ሰው ግን በሁለቱ ሥር አይቆምም፤ በአብዛኛው የሚጸናው መጨረሻ ላይ የመጣው ውሳኔ ነው። "ሁለቱንም አስገባ፣ የቀደመውን ትይዛለህ" የሚለው የሰፈር ምክር አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። የቀደመው ሳይሆን የዘገየው ሊይዘው ይችላል።

ሌላም ተስፋ አለ፤ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው በመዝለል ዓመት ማራዘም። ኤች-1ቢ ቢበዛ 6 ዓመት ነው። የኤል-1 ኃላፊዎች 7 ዓመት፣ ልዩ ዕውቀት ያላቸው ሠራተኞች 5 ዓመት ይፈቀድላቸዋል። በኤልና በኤች ያሳለፉት ጊዜ ግን ተደምሮ ይቆጠራል። በኤል-1 4 ዓመት የሠራ ሰው ወደ ኤች-1ቢ ሲዞር አዲስ 6 ዓመት አያገኝም፤ የቀረው 2 ነው። ቆጠራው እንደ አዲስ እንዲጀምር 1 ዓመት ከአሜሪካ ውጭ መቆየት አለበት። ኦ-1 እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም። ቀድሞ በኤች የቆየ ባለሙያ ኦ-1ን የሚመርጠው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ኤች-1ቢ በዕጣ መሆኑም ሁለተኛ ማመልከቻ ያስመኛል። በዓመት 65,000፣ በተጨማሪም ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስና ከዚያ በላይ ላላቸው 20,000 ቦታ አለ። ጠያቂው ከዚህ በእጅጉ ስለሚበልጥ ዕጣ ይወጣል። ቀድሞ በሁለትና በሦስት አሠሪ የተመዘገበ ሰው ዕድሉ ይሰፋ ነበር። ይህ ቀርቷል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ምዝገባ ጀምሮ ዕጣው በሰውየው ነው። አሥር አሠሪ ቢያስመዘግበውም ዕድሉ በአሠሪ ብዛት አይጨምርም። ምዝገባውም በአንድ ፓስፖርት ብቻ ነው።

የ100,000 ዶላሩ ጉዳይ ለምን ከስታተስ ጋር ተገናኘ?

አዋጁ ሲወጣ አዲስ አበባ ውስጥ የተወራው "ኤች-1ቢ ያለው ሁሉ 100,000 ዶላር ሊከፍል ነው" የሚል ነበር። ዝርዝሩ ሌላ ነው። ክፍያው የተጣለው ከመስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ በሚገቡ አዳዲስ ማመልከቻዎች ላይ ነው፤ ያውም በዋናነት ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ሰዎች በሚቀርቡት። ለ12 ወር ተብሎ ነው የወጣው። የአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት ጥቅምት 10 ባወጣው ማብራሪያ፣ አሜሪካ ውስጥ ሕጋዊ ስታተስ ኖሮት ወደ ኤች-1ቢ መቀየር የተፈቀደለት ሰው ክፍያው እንደማይነካው ገለጸ።

ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ብዙ ትርጉም አለው። በኤፍ-1 የተማሪ ስታተስ አሜሪካ ያለች ምሩቅን እናስብ። አሠሪ አገኘች። እዚያው ሆና ስታተስ ከቀየረች አሠሪዋ 100,000 ዶላሩን አይከፍልም። ጥያቄዋ ሳይወሰን ለፋሲካ አዲስ አበባ ከመጣች ግን የስታተስ ለውጡ እንደተተወ ይቆጠራል። ማመልከቻው ቢፀድቅ እንኳ ቪዛ ከውጭ ሆና መውሰድ ይኖርባታል፤ ክፍያውም ሊመጣባት ይችላል። ለአንዲት ወጣት ባለሙያ ብቻ ይህን ያህል የሚከፍል አሠሪ በቀላሉ አይገኝም። ሥራውን የምታጣው ቪዛ ስላነሳት ሳይሆን፣ በተሳሳተ ሳምንት አውሮፕላን ስለተሳፈረች ይሆናል። ልጆቻቸውን "መጥተሽ እዪን" የሚሉ ወላጆች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

ሌሎች አገሮች

ብሪታንያ ወደ አንድ ፈቃድ ታደላለች። አዲስ ቪዛ ሲፈቀድ የቀድሞው ይተካል። ሁለት የሥራ ቪዛ ጎን ለጎን አይሄዱም። የሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ ያለው ሰው ግን በዚያው ቪዛ ብቁ በሆነ ሌላ ሥራ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መጨመር ይችላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለተኛው አሠሪም ስፖንሰር መሆን፣ ሠራተኛውም ቪዛው እንዲሻሻልለት ማመልከት አለበት።

ካናዳ ትለያለች። ቪዛውና ፈቃዱ እንደሚለያዩ በግልጽ ይነገራል። ቪዛው ፓስፖርት ላይ ይለጠፋል፤ የሥራ ፈቃዱ አገሩ ሲገባ ይሰጣል። የትምህርትና የሥራ ፈቃድ በአንድ ጊዜ መያዝም ይቻላል። የሥራ ፈቃዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ፣ ሌላው ለማንም መሥራት የሚያስችል ክፍት ፈቃድ። ሰው መጠየቅ ያለበት ስንት ወረቀት እንዳለው ሳይሆን የትኛው እንዳለው ነው።

በአንድ የጋራ ቪዛ የሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች፣ ማለትም የሸንገን አገሮች ደግሞ የአጭር ጊዜ ቪዛ በተደራራቢ ቀን ሁለት አይሰጡም። ያም ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ለመቆየት እንጂ ተቀጥሮ ለመኖር አይደለም። ለሥራ እያንዳንዱ አገር ዲ የሚባል የራሱ የረጅም ጊዜ ቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ አለው። ከዚህ ውስጥ የጀርመን ነገር ያስገርማል። የፌዴራል አስተዳደር ፍርድ ቤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. አንድ የውጭ ዜጋ የየራሳቸውን መስፈርት ካሟላ ከአንድ በላይ የመኖሪያ ፈቃድ ጎን ለጎን ሊይዝ እንደሚችል ወስኗል። ጉዳዩ ለረጅም ጊዜ ነዋሪዎች የሚጠቅም ነው። እዚህ ተቀምጦ ቪዛ ለሚያመለክት ሰው የሚቀይረው ነገር ብዙም የለም። "አንድ ሰው፣ አንድ ፈቃድ" የሚለው መርህ ግን የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን ያሳያል። አገር ከፈለገ ሊለውጠው ይችላል።

ባሕረ ሰላጤ፦ አደጋው የከበደበት

ከሁሉም በላይ ብዙ ኢትዮጵያውያንን የሚነካው ይህ ነው። በከፋላ ሥርዓት ሠራተኛዋ ወደ አገሩ የምትገባው በአንድ ስፖንሰር ስም ነው። ቪዛው፣ ኢቃማውና ሥራው በዚያ ሰው ላይ ይንጠለጠላሉ። ሁለት የሥራ ቪዛ መያዝ ቀርቶ ስፖንሰር መቀየር ራሱ ለረጅም ጊዜ የቀድሞውን አሠሪ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር።

ለውጦች ነበሩ። ኳታር በ2020 እ.ኤ.አ. ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር ፈቀደች፤ የቤት ሠራተኞችንም ጨምሮ። ሳዑዲ ዓረቢያ በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ማሻሻያ ጀመረች። የቤት ሠራተኞችን ግን አላካተተችም። ከኢትዮጵያ የሚሄዱት አብዛኞቹ ሴቶች ደግሞ የሚቀጠሩት በቤት ሠራተኝነት ነው። ማሻሻያው ሲወራ ይህች ክፍተት ብዙ ጊዜ አትነገርም። ሊነገርላት ይገባል።

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ነገሩን በሌላ መንገድ አቃለለችው። መኖሪያውንና የሥራ ፈቃዱን ለይታ ታያለች። በባሏ ስፖንሰርነት የምትኖር ሴት መኖሪያዋን ሳትቀይር በአሠሪ በኩል የሥራ ፈቃድ ማውጣት ትችላለች። የ10 ዓመቱን ወርቃማ ቪዛ የያዘ ሰው የራሱ ስፖንሰር ነው። የትርፍ ጊዜ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ደግሞ ከአንድ በላይ አሠሪ ጋር መሥራት ይችላል። የቤት ሠራተኞች ግን እዚህም በተለየ ሕግ ነው የሚተዳደሩት።

ችግሩ ያለው "ፍሪ ቪዛ" በሚባለው ላይ ነው። በሕግ እንዲህ የሚባል ቪዛ የለም። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ ስፖንሰሩ በስሙ ቪዛ ያወጣል፣ ይሸጠዋል፣ ገዢዋ ገብታ ለፈለገችው ሰው ትሠራለች። ለእሷ ነፃነት ይመስላል። በመዝገብ ላይ ግን ያለችው በአንድ ሰው ስም ነው፤ የምትሠራው ለሌላ ነው። ስፖንሰሩ "ጠፍታለች" ብሎ ካመለከተ ስታተሷ ይፈርሳል። ደመወዝ ቢቀማባት የምትከሰው አሠሪ በወረቀት አሠሪዋ አይደለም። ብትታመም መድን የሚከፍላት ማን እንደሆነ አይታወቅም። በቪዚት ገብቶ መሥራትም መጨረሻው ከዚህ አይለይም።

ለምን አንድ ብቻ? ክርክሩ

መንግሥታት የሚያቀርቡት ምክንያት አላቸው። የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ያ ሥራ ሠራተኛ ስላጣ ነው ይላሉ። ሰው በአንድ ጊዜ በብዙ ፈቃድ ከቆመ የትኛውን ሥራ እንደሞላ፣ ታክሱን ማን እንደሚከፍል፣ መቼ መውጣት እንዳለበት መከታተል ይከብዳል። አሠሪውም ለቪዛው ወጪ ያወጣሁት ለሌላ ሊሠራ አይደለም ይላል። ይህ ክርክር ክብደት አለው። የኢትዮጵያ ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለውጭ ዜጋ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ለአንድ የተወሰነ የሥራ ዓይነት ነው፤ ለ3 ዓመት ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። ቦሌ የሚሠራ የውጭ አገር መሐንዲስ በዚያ ፈቃድ ነገ ሬስቶራንት ውስጥ ሼፍ ሊሆን አይችልም።

በሌላ በኩል የስደት ሠራተኞች መብት ተሟጋቾች ሠራተኛን ከአንድ አሠሪ ጋር ማሰር ራሱ የበደል ምንጭ ነው ይላሉ። ሥራ መልቀቅ አገር መልቀቅ ማለት ከሆነ ሠራተኛው ግፍ ቢደርስበትም ዝም ይላል። በአሜሪካ ኤች-1ቢ ያለው ሰው ከሥራ ቢሰናበት ሌላ አሠሪ ለማግኘት እስከ 60 ቀን ይሰጠዋል። ለቤት ኪራይ ለሚከፍልና ልጆቹ ትምህርት ቤት ላሉ ሰው 60 ቀን አጭር ነው። የቤት ሠራተኛዋ ያን ያህል እንኳ ላይኖራት ይችላል።

በእኔ እይታ ሁለተኛው ወገን የተሻለ ይዟል፤ መፍትሔው ግን ተጨማሪ ቪዛ መስጠት አይደለም። ሠራተኛውን የሚጠቅመው አንዱ ፈቃድ ከአሠሪ ወደ አሠሪ መሻገር እንዲችል ማድረግ ነው። ኳታር የጀመረችው፣ የካናዳ ክፍት ፈቃድም የሚያሳየው ይህን ነው። ሁለት የታሰሩ ቪዛዎች ያሉት ሰው ሁለት ቦታ የታሰረ ሰው ነው።

ሲበላሽ ምን ይሆናል?

ሁለት ማመልከቻ ይዞ መሄድ በራሱ ወንጀል አይደለም። ሁለቱ ማመልከቻዎች የሚናገሩት ታሪክ ሲለያይ ግን ጣጣ ይመጣል። በጥር "ለሁለት ሳምንት ልጎበኝ ነው" ያለ ሰው በመጋቢት "3 ዓመት ልሠራ ነው" ካለ መኮንኑ ይጠይቃል። የጎብኚ ቪዛ ጠያቂ ወደ አገሩ እንደሚመለስ የማሳመን ግዴታ አለበት። ኤች-1ቢና ኤል-1 ከዚህ ግምት ነፃ ናቸው። ስለዚህ የሥራው ማመልከቻ የጎብኚውን ሊያበላሽ ይችላል፤ ሁለቱም እውነት ከሆኑ በግልጽ ማስረዳት እንጂ መደበቅ አያዋጣም። ፎርሙ ቀድሞ ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ እነሱ ጋ አለ።

ከዚህ የከፋው በቪዚት ገብቶ ሥራ መጀመር ነው። በገባ በ90 ቀን ውስጥ ያለ ፈቃድ መሥራት የጀመረ ሰው፣ ሲገባ ሆን ብሎ አሳስቷል ተብሎ እንዲገመት የቆንስላ መመሪያው ይፈቅዳል። ማሳሳቱ ከተረጋገጠ አሜሪካ ከመግባት ለዕድሜ ልክ ሊያሳግድ ይችላል። ከተፈቀደው ቀን በላይ የቆየ ሰው ደግሞ የገባበት ቪዛ በሕግ ይሻራል፤ ቀጣዩንም የሚጠይቀው በአብዛኛው ከዜግነት አገሩ ነው።

ገንዘቡን ማን ይከፍላል?

አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ለሁለተኛ ቪዛ የሚከፍል ሰው የኢትዮጵያን ሕግ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008፣ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 የተሻሻለው፣ ወጪውን ለሁለት ይከፍለዋል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚሸፍነው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባት፣ የብቃት ማረጋገጫና የመሳሰሉትን ነው።

ስለዚህ ኤጀንሲው "ለቪዛው ይህን ያህል፣ ለመጠባበቂያው ደግሞ ይህን ያህል" ካለ፣ የመጀመሪያውም ክፍያ ራሱ ጥያቄ ነው። በሕጋዊ መንገድ የሚሄድ ሠራተኛ የሥራ ውሉ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይፀድቃል። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው እዚያው መጠየቅ ይቻላል። ከመክፈል በፊት ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ነው፤ ውሉንና ቪዛውን። የአሠሪው ስም አንድ መሆን አለበት። የሥራው ዓይነት አንድ መሆን አለበት። ውሉ "አስተናጋጅ" ብሎ ቪዛው "የቤት ሠራተኛ" ካለ፣ ወይም ውል ኖሮ ቪዛው ቪዚት ከሆነ፣ እዚያ አገር ሲደረስ የሚያዘው ቪዛው ላይ ያለው ነው። ያንን ወረቀት ይዞ ወደ ሚኒስቴሩ መሄድ ቦሌ ከመድረስ በፊት መሆን አለበት።